ቀይ ክር የታሰረበት ካሴት

በዘጠና አራት ሰኔ አልዘነበም። ሐምሌ ላይ አራት ቀን ዘነበ፤ ከዚያ አቆመ። የጨፋ ማሽላ ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ቦርከናን ሴቶች ቀሚሳቸውን ሳይሰበስቡ ይሻገሩት ጀመር። ሣር ፍለጋ ከቆላ የወጡ ከብቶች መንገድ ላይ ወደቁ። ሰንበቴ ገበያ ላይ አንዲት የምትታለብ ላም በግማሽ ጆንያ በቆሎ ተለወጠች። የቀሩትን ከብቶች የወሰደ የለም።

እኔ ያኔ ከሚሴ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ።

በችግር ጊዜ ሰው ፊልም ያያል ወይ የሚሉኝ አሉ። ያያል። በዚያ ክረምት የገባልኝን ሕዝብ ያህል በጥጋብ ዘመን አላየሁም። ባዶ ቤት መቀመጥ ይከብዳል። የቸገረውን በነፃ አስገባ ነበር።

ቤቱ የጭቃ ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አሥራ አንድ የህንድ ፊልም ነበረኝ። ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ እተረጉማለሁ። ሂንድኛ አላውቅም። ማንም አያውቅም ነበር። የሰዎቹን ፊት እያየሁ ለገጠሬው በኦሮምኛ፣ ለከተሜው በአማርኛ እናገራለሁ። የተሳሳትኩትን የነገረኝ የለም።

ነሐሴ ላይ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ። ስፒከሩ ተቃጥሏል አሉኝ፤ መለወጫው ኮምቦልቻም ደሴም አልተገኘም። ያለ ድምፅ ከፈትኩ። አንዲት እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ የምታለቅስበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሰው ሳቀ። በዚያው ቦታ ከሳምንት በፊት ሲያለቅስ የነበረ ሰው ነው። ያን ቀን አንድ ነገር አወቅሁ። ያስለቅሳቸው የነበረው ሴትየዋ ሳትሆን ዜማው ነው። ዜማው ሲወሰድ አፏን የምትከፍትና የምትዘጋ ሴት ብቻ ናት የምትቀረው።

እሁድ ሰንበቴ ወረድኩ። ከብት ተራው ውስጥ አንድ ሰው ዋሽንት ሲነፋ ሰማሁ። ሙሀመድኑር ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሰው ከብት ነጂ፣ የራሱ አንድ ጥጃ የሌለው።

«ፊልም አይቼ አላውቅም» አለኝ።

«አታይም» አልኩት። «ትነፋለህ እንጂ።»

*

ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ የሴቶች ቀን ነበር። ከእኔ በቀር ወንድ አይገባም። ሙሀመድኑር ደግሞ ጎረምሳ ነው። ስለዚህ ጥግ ላይ ጆንያ ሰፍቼ ጋረድኩና ከጀርባው አስቀመጥኩት። ሴቶቹን አያይም፤ ፊልሙንም አያይም። በእግሩ አውራ ጣት ላይ ሲባጎ አሰርኩለት። ሌላውን ጫፍ እኔ ያዝኩ። አንዴ ስስበው ይጀምራል፤ ሁለቴ ስስበው ያቆማል።

ለልብ የሚቀርቡ ሁለት ዜማዎች ነበሩት። አንዱን ጠዋት ከብት ወደ ውሃ ሲነዳ ይነፋዋል። ሌላውን ማታ የጎደለ ከብት ሲፈልግ ይነፋዋል። የጠዋቱና የማታው እንላቸው ነበር።

ከፊልሞቹ አንዱን ሴቶቹ ከሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር። መጨረሻው ላይ አንዲት ሴት ባቡር ጣቢያ ቆማ ሰው ትጠብቃለች። ባቡሩ ይመጣል፤ ጭስ ይሞላል፤ እዚያ ላይ ካሴቱ ያልቃል። ጫፉን ዴኩ በልቶታል። ሰውየው ይምጣ ይቅር የሚያውቅ የለም። ሙሀመድኑር የጠዋቱን የነፋ ዕለት ሴቶቹ «መጣላት» ብለው እየተሳሳቁ ይወጣሉ። የማታውን የነፋ ዕለት «ቀረባት» ብለው ዓይናቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ። መንገድ ላይ ያላየችው ያየችውን ትጠይቃለች።

«ዛሬ መጣ?»

«ዛሬስ ቀረ።»

ሥዕሉ ያው ነው።

ዘይቱና የሐጂ አደም ልጅ ናት። ሐጂ አደም የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ በዚያ ክረምት መጋዘናቸው ያልጎደለ እሳቸው ብቻ ናቸው። ዘይቱና ሃያ ዓመቷ ነበር። ሁልጊዜ መጋረጃው አጠገብ ትቀመጣለች። ሙሀመድኑር ከመንፋቱ በፊት አየር ሲስብ ይሰማል። በዚያ ትንፋሽ ላይ ዘይቱና አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ሌሎቹ ቴሌቪዥኑን ሲያዩ እሷ ጆንያውን ታያለች። አየሁ።

አንድ ሐሙስ ሴቶቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ የረሳችውን ሻርፕ ልትወስድ ተመለሰች። ሙሀመድኑር ከመጋረጃው ወጥቶ ጣቱን ከሲባጎው እየፈታ ነበር። ቀና ሲል ተያዩ።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«ማን መስሎሽ ነበር?»

«ሽማግሌ።»

«ዜማው የአያቴ ነው» አላት። «ትንፋሹ ግን የኔ ነው።»

«ትንፋሹንማ አውቀዋለሁ።»

ሻርፗን አነሳች። ስታልፍ ጆንያውን በእጇ ነካ አደረገችው። ሙሀመድኑር ጆንያው መወዛወዙን እስኪተው ድረስ ቆሞ አየው። እኔ ዴኩን የምጠርግ መስዬ ጎንበስ አልኩ። እንዲያ ያለ ፊት በፊልም አይቼ አላውቅም።

*

መስከረም ላይ ወሬ መጣ። ጂዳ የሚኖር አንድ የከሚሴ ልጅ ዘይቱናን ሽማግሌ ልኮ ጠይቋል። ሐጂ አደም ወደውታል፤ ልጅቱ ግን ቃሏን አልሰጠችም።

በዚያ ሳምንት ዘይቱና ትንሽ የተጣጠፈች ወረቀት እጄ ላይ አኖረች።

«አማና፣ አደራ አያ በድሩ። ለእሱ። ሳያነቡት።»

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የሰው ወረቀት ግን አላነብም። አደረስኩ። ሙሀመድኑር አንብቦ እንደገና አጠፈውና ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው። ሲመሽ የእኔን ቴፕ ተውሶ ሁለቱንም ዜማዎች በሁለት ካሴት ቀዳ። በአንዱ ላይ ቀይ ክር አሰረበት።

«ሰንበቴ ወርጄ አጎቶቼን ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። «እስከ ሐሙስ እደርሳለሁ። መንገዱ ከያዘኝ ግን የጣቢያው ሴት ስትመጣ ይህንን ይክፈቱ። ክር ያለበትን። የጠዋቱን ነው። አማና።»

«እሺ» አልኩ።

ሐሙስ አልደረሰም። ከብት በየመንገዱ እየወደቀ፣ ሰው እየተሰደደ፣ መኪና ጠፍቶ በእግሩ ነበር የሚመጣው። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት።

ያን ቀን ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከፊት የተቀመጠችው ሴት ላሟን ከሸጠች ሦስት ቀኗ ነው። ከጎኗ ያለችው አራስ ሕፃን ቀብራ አርባው አልወጣም። ጣቢያው መጣ። ሴትየዋ ጓዟን እግሯ ሥር አድርጋ ብቻዋን ቆመች። በመጋረጃው ጠርዝ ቆሜ ሁለቱን ካሴቶች በእጄ ይዤ ነበር፤ ቴፑ ከጆንያው ጀርባ ነው። ቀዩን ክር አየሁት። አልረሳሁም፤ አልተሳሳትኩም። ለእነዚህ ሴቶች ያን የደስታ ዜማ ብከፍት የምቀልድባቸው መሰለኝ። ሥዕሉ ማታውን የሚጠይቅ መሰለኝ። ፊልሙም የእኔ መሰለኝ።

የማታውን ከፈትኩ።

ቤቱ አለቀሰ። እንዲያ ሲለቀስ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ዛሬም ከሚሴ ላይ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ያን ሐሙስ ያነሳሉ። ዘይቱና ግን ሳያልቅ ተነሳች። በሰው ጉልበት መሃል አልፋ ወጣች። ፊቷ ላይ እንባ አልነበረም። ዜማው ልቧን ነክቶት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ማታ ለአባቷ ቃሏን ሰጠች። ቅዳሜ ጠዋት ሙሀመድኑር ሦስት ሽማግሌ ይዞ የሐጂ አደም በር ላይ ቆመ። ከውስጥ እልልታ ሰማ። ተመለሰ።

ቪዲዮ ቤቱ በኋላ ተዘጋ። ከዚያ ሐሙስ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የዘይቱና ባልንጀራ ሰሊማ ወረቀቱ ላይ የነበረውን ነገረችኝ። የምናገረው ሰው ነበረኝ፤ ሙሀመድኑር ሰንበቴ ነው ያለው፤ ሰንበቴ ሩቅ አይደለም። አሥራ ሦስት ዓመት ዝም አልኩ።

*

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ዘይቱና ከጂዳ መጣች። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኗል። አባቷም አልፈዋል። ልጇ ኢማን እዚያው ጂዳ ናት። ዘይቱና የአባቷን ቤት ቁልፍ ለሰሊማ ልታስረክብና በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ልትመለስ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በሬ ላይ ቆመች። ጸጉሯ በሻርፑ ጠርዝ ሽበት አሳይቷል።

«አያ በድሩ፣ ሳልሰናበትዎ እንዳልሄድ ብዬ ነው። ከእንግዲህ ሳምንት እንጂ አልቆይም። የምመለስበትም የለኝ።»

አስቀመጥኳት። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፤ አልሀምዱሊላህ አልኳት። ግድግዳውን አየችና፣

«ያቺ የጣቢያ ሴት አለች?» አለች።

«ካሴቱ አለ።»

«ጂዳ ማድቤት ቆሜ ያ ዜማ ይመጣብኛል። የማታው። ስተኛም ይመጣብኛል። ሰውየውን ረስቼዋለሁ፤ ዜማውን ነው ያልረሳሁት።»

«ረስተሽዋል?»

«ዋሸሁ» አለች።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ያን ቀን ትንፋሹን አልሰማሁም። አየር ሳይስብ ዜማው ዝም ብሎ ጀመረ። የሞተ ሰው የነፋው ይመስል። ስንት ጊዜ አሰብኩት። ትንፋሹን ማን ወሰደው?»

«እኔ» አልኳት።

ነገርኳት። ካሴቱን፣ ቀዩን ክር፣ ሁለቱን በእጄ መያዜን። ዜማው ጥርት ብሎ እንዲጀምር ብዬ ትንፋሹን አሳልፌ ማዘጋጀቴን። የሻርፗን ጫፍ እየጠቀለለች ሰማችኝ።

«ለምን?» አለች።

«ሥዕሉ ያዘነ መሰለኝ።»

«እኔስ? ከእርስዎ የምርቀው ሁለት ክንድ ነበር። አላዩኝም?»

«ፊልሙን ነበር የማየው።»

«ከዓይንዎ የሚያመልጥ የለም ይሉ ነበር ሰዎች» አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ አልነበረም።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ዘይቱና።»

«እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ተነሳች። በሩ ላይ ደርሳ ፊቷን ሳትመልስ፣ «እንግዲያ መጀመሪያ ለእሱ ይንገሩ። አውፍታ የኔ ብቻ አይደለም» አለችኝ።

ሄደች። የተቀመጠችበት ወንበር እስኪጨልም ከፊቴ ነበር።

*

እሁድ ሰንበቴ ወረድኩ። ሙሀመድኑር ዛሬ የከብት ደላላ ነው። ሚስቱ ረቢአ ከሞተች አራት ዓመቷ። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ የለም። ሲያየኝ ዱላውን ከፍ አደረገ።

«አካም ጅርቱ አያ በድሩ? በሬ ሊገዙ ነው ወይስ ሊሞቱ ሲሉ ሊሰናበቱኝ?»

«ሁለተኛው ይቀርባል» አልኩት። «ና ወደ ጥላ።»

አጥሩ ሥር ቆመን ነገርኩት። መጀመሪያ በሬዎቹን እያየ ሰማኝ። ቀዩን ክር ስጠራ ወደኔ ዞረ። አንድ ቀን እንኳ በአንተ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር።

«ክሩን አላየኸውም?» አለኝ።

«አየሁት።»

«አይተህ?»

«አይቼ።»

ዱላውን መሬት ላይ ተከለውና ተደገፈው።

«ሦስት ሽማግሌ ይዤ በር ላይ ቆሜአለሁ። አጎቴ ጫማ የለውም፤ ተውሼ ነው ያመጣሁለት። እልልታውን ሰማን። የጂዳ ገንዘብ በለጠብኝ አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠላኋት፤ እሷን ስጠላ ነው የኖርኩት። አሁን ያን ሁሉ የት ላድርገው? ንገረኝ እስቲ።»

ከኪሱ የፕላስቲክ መያዣ አወጣ። መታወቂያው ነው። ከመታወቂያው ጀርባ አንዲት ወረቀት ነበረች፤ እጥፋቱ ላይ ተቆርጣ አራት ሆናለች። ቁርጥራጮቹን መዳፉ ላይ ገጣጥሞ አነበበልኝ።

«‘ሐሙስ ጣቢያው ሲመጣ የጠዋቱን ከነፋህ ሽማግሌ ትልካለህ ማለት ነው፤ እጠብቅሃለሁ። የማታውን ከነፋህ አልቻልክም ማለት ነው። አልቀየምህም። ግን ዝም አትበል።’»

መልሶ አጣጠፋት።

«የጠላኋት ሴት ወረቀት መታወቂያዬ ውስጥ ምን ይሠራል ብለህ አትጠይቀኝም?» አለኝ።

«አልጠይቅህም። ዘይቱና መጥታለች፤ አርብ ትሄዳለች። ሐሙስ ከዙሁር በኋላ የፊልሙን ካሴት እከፍታለሁ።»

«ዋሽንት ከተውኩ ቆየሁ። በዚህ ጥርስ አየሩ ያመልጣል። ጥርሴን ወይፈን መትቶ ነው የወሰደብኝ።»

እመጣለሁ አላለም። ሁለት ሰዎች ለድርድር ይጠሩት ነበርና ሄደ። ከሩቅ አየሁት። የገዢውንና የሻጩን እጅ ሊያጨባብጥ ያዘ።

*

ሐሙስ ጠዋት ቤቱን ጠረግሁ። ጆንያውን እንደገና ሰፋሁ። ቴሌቪዥኑን አበራሁ፤ ድምፅ እንደሌለው ነው። ካሴቱ ሻግቷል፤ ሥዕሉ ላይ ነጭ መስመር ይወርዳል፤ ጣቢያው ግን ይታያል።

ዘይቱና ከሰሊማ ጋር መጣች። የድሮ ቦታዋ ላይ፣ መጋረጃው አጠገብ ተቀመጠች። ሰሊማ የቤቱን ቁልፍ ተቀብላ በእጇ ይዛ ነበር።

«መጥቷል?» አለችኝ ዘይቱና።

«ከእንግዲህ በእሱ ፈንታ አልናገርም» አልኳት።

መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። እሷም አየችው፤ ዓይኗን መለሰች።

ከፈትኩ። አልተረጎምኩም። ሰዎቹ ያለ ድምፅ መጡ፣ ሄዱ፣ ተጣሉ። ሰሊማ አንዴ ሳቅ ብላ አፏን ያዘች። ዘይቱና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ነበር። ከዚያ ጣቢያው መጣ። ሲባጎው እጄ ላይ ነው፤ ሌላው ጫፉ ከጆንያው ጀርባ። እጄን ለማንሳት ፈለግሁ፤ አልታዘዝ አለኝ። ይህ እጅ አንዴ ምን እንዳደረገ አውቃለሁ።

«ይስጡኝ» አለች ዘይቱና።

ሰጠኋት። ጣቷ ላይ አንዴ ጠቀለለችው። ሴትየዋ ጓዟን አስቀመጠች። ዘይቱና ሳበች።

ምንም አልተሰማም። ሀዲዱ ላይ ብርሃን ታየ። ምንም የለም። የዘይቱና ፊት ያን የጥንቱን ሐሙስ ሊመስል ሲጀምር አየሁ።

ከጆንያው ጀርባ አንድ ሰው አየር ሳበ።

ረጅም ነበር። በጎደለው ጥርስ በኩል ያፏጫል። ዘይቱና አንገቷን ቀና አደረገች።

ሙሀመድኑር ከእሷ ቀድሞ ገብቶ እዚያ ተቀምጦ ነበር። የጠዋቱን ነፋው። መጀመሪያ ተሰባበረ፤ ሁለት ቦታ ላይ አየሩ አምልጦ ዜማው ወደቀ። አነሳው። ቀጠለ። ከብቶቹ ውሃ ሲሸታቸው እንደሚፈጥኑት ፈጠነ። እኔ ያቺን ሴት መቶ ጊዜ አይቻታለሁ። ባቡሩ ሲቀርብ እጇን ወደ ራሷ እንደምታነሳ አውቅ ነበር፤ እንባዋን ልትጠርግ ነው እያልኩ ነበር የምተረጉመው። ለካ ሻሿን ነው የምታስተካክለው። ሰው ሲመጣላት የምታደርገውን።

ጭሱ ሞላ። ካሴቱ አለቀ። ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ቀረ።

ዋሽንቱ አላቆመም። ሁለቴ የሚስበው አልነበረም። ሲባጎው በዘይቱና ጣት ላይ ነበር፤ ወጠር ብሎ እንደ ደም ሥር ይመታል።

ሰሊማ ጎንበስ ብላ የጥንቱን ጥያቄ ጠየቀቻት።

«ዛሬ መጣ?»

ዘይቱና ወደ ጆንያው ዞረች። ፊቷ ረጥቦ ነበር።

«መጣ» አለች።

ሰሊማ የቤቱን ቁልፍ መልሳ ዘይቱና ጉልበት ላይ አኖረችላት።

ዋሽንቱ ዝም ሲል ተነሳሁ። ቀይ ክር የታሰረበትን ካሴት ከኪሴ አወጣሁ። ክሩ ደብዝዞ ቀይነቱ የሚታወቀው ቋጠሮው ውስጥ ብቻ ነው። ዘይቱና አጠገብ አስቀመጥኩት።

«አማና ነበር» አልኳት። «ዘገየ።»

ካሴቱን አንስታ ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ደርሷል» አለች። «አውፍ ብያለሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባም የሙሀመድኑር ድምፅ መጣ። በእርስዎ ነበር የጠራኝ።

«እኔም አያ በድሩ። ይሂዱና ይረፉ።»

ወጣሁ። በሩን ለብርሃን ገርበብ አድርጌ ተውኩት።